ስኳርና ስንዴ፦ ሁለት ሕመም ይዞ ማደግ



በዘንድሮው የዓመት መጽሐፋችን ስለ ሁለት ሕመሞች ልንጽፍ ወደድን። አንዱን ሁላችሁም በስሙ ታውቁታላችሁ፤ ስኳር ይባላል። ሁለተኛው ሴሊያክ ይባላል። ይህን ብዙ ሰው ሰምቶት አያውቅም፤ አማርኛም እስካሁን የራሱን ስም አላወጣለትም። ስኳር ያለበት ልጅ ከረሜላ ሲያነሣ ሁሉም ሰው ይደነግጣል። ሴሊያክ ያለበት ልጅ ዳቦ አልበላም ሲል ግን «ቁራሽ ምን ያደርግሃል?» ይባላል። ሁለቱ አንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ ልጁ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ፣ ምግብ በቀረበ ቁጥር፣ ሁለት ሒሳብ ማስላት አለበት። እዚህ ምግብ ውስጥ ምን አለ? መጠኑስ ስንት ነው?

ሐኪሞች አይደለንም፤ የሐኪምን ቦታም አንወስድም። ነገር ግን ሐኪም እንዲህ ያለውን ልጅ የሚያየው በወራት አንድ ጊዜ ነው። በቀሩት ቀናት ከልጁ ጋር የሚውሉት ቤተሰቡ፣ ጓደኞቹና መምህራኑ ናቸው። ልጁ በደህና ማደግ አለማደጉ በአብዛኛው የሚወሰነው በወጥ ቤት፣ በክፍልና በፉጡር ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁላችንም ልናውቀው ይገባል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የልጆች ስኳር ምንድን ነው?

ከእህል የተሠራ ምግብ ሁሉ፣ እንጀራም ሆነ ሩዝ፣ ሆድ ውስጥ ከተፈጨ በኋላ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ደም ውስጥ ይገባል። ይህ ስኳር የሰውነት ማገዶ ነው። ከደም ወጥቶ ወደ ጡንቻና ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች እንዲገባ ግን በር የሚከፍትለት ያስፈልገዋል። በር ከፋቹ ኢንሱሊን ነው፤ የሚሠራውም ከጨጓራ በስተኋላ በሚገኘው ቆሽት ውስጥ ነው።

ሐኪሞች «ዓይነት 1» የሚሉት የልጆች ስኳር የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚሠሩትን የቆሽት ሕዋሶች እንደ ጠላት ሲያጠቃ ነው። ሕዋሶቹ ሲያልቁ ኢንሱሊን ይጠፋል፤ ስኳሩም ደም ውስጥ እየተጠራቀመ ሰውነት ይራባል። ልጁ ውኃ አይጠግብም፣ ሽንት ያበዛል፣ እየበላ ይከሳል። ሳይታወቅ ከቆየ ሰውነት ስብን ማቃጠል ይጀምራል፤ ከዚያ የሚወጣው አሲድ ደሙን ይመርዘዋል። ሆዱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ይሆናል፣ አፉም እንደበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ልጅ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

ይህ ሕመም ጣፋጭ ከማብዛት አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እናት ወይም አባት ያጠፉት ጥፋትም የለም። «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» የሚባለውም ትክክል አይደለም። ከድንበሩ ማዶ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞችና ባልደረቦቻቸው በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ኢንሱሊን የግድ ከሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፣ ድሆችና ቀጫጭን ሰዎች መሆናቸውን ጽፈዋል። በልጅነት የደረሰ የምግብ እጥረት በነገሩ ውስጥ ድርሻ ይኖረው እንደሆነም ጠይቀዋል። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር ዓይነት በዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ዘንድ «ዓይነት 5» ተብሎ ዕውቅና ያገኘው ገና በ2025 ነው። ጥያቄው ግን ከእኛው አካባቢ ሰዎች ኑሮ ላይ ቀደም ብሎ ተነሥቶ ነበር።

የልጆች ስኳር ያለ ኢንሱሊን አይኖርም። ኢንሱሊን በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ በ1921 ከመገኘቱ በፊት፣ ሕመሙ የያዘው ልጅ ከጥቂት ወራት ወይም ከአንድና ሁለት ዓመት በላይ አይቆይም ነበር። በጃንዋሪ 1922 መድኃኒቱን መጀመሪያ የተወጋው ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከ13 ዓመት በላይ ኖሯል። ዛሬ ኢንሱሊን በትክክል የሚወስድ ልጅ ተምሮ፣ ሠርቶና ወልዶ ያረጃል።

ሴሊያክስ?

ስንዴ፣ ገብስና አጃን የሚመስለው ራይ የተባለ የፈረንጅ እህል ግሉተን የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው። ሊጥ ሲቦካ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው በግሉተን ምክንያት ነው። ለአብዛኛው ሰው ምንም ጉዳት የለውም። ሴሊያክ ባለበት ልጅ ግን፣ ግሉተን አንጀት ሲደርስ የመከላከያ ኃይሉ ይቆጣና የራሱን አንጀት ያቆስላል።

ጤነኛ ትንሹ አንጀት ውስጡ እንደ ጋቢ ጥለት ዘርፍ በጥቃቅን ዘለላዎች የተሸፈነ ነው፤ ምግብን የሚመጡት እነዚህ ዘለላዎች ናቸው። በሴሊያክ ዘለላዎቹ እየረገፉ አንጀቱ ይላጣል። ልጁ ይበላል፤ የበላው ግን ወደ ደሙ በቅጡ አይገባም። ሆዱ ይነፋል፣ ተቅማጥ ወይም ድርቀት ይመላለስበታል፣ ደም ያንሰዋል፣ ቁመቱ ይቆማል፣ ጉርምስናው ይዘገያል። በአንዳንዱ ልጅ ላይ ደግሞ ምንም ምልክት አይታይም፤ ጉዳቱ ግን ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል።

ሕመሙን ከስንዴ ጋር ያገናኘው ዊለም ዲክ የተባለ የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944 እና 1945 ክረምት፣ አገሩ በረሃብ ስትመታ ዳቦ ጠፋ። ሌላው ሕዝብ ሲከሳ በሴሊያክ የታመሙት ልጆች ግን ተሻላቸው፤ ዳቦ ሲመለስ ሕመማቸውም አብሮ ተመለሰ። ዲክ ከዚያ በፊትም ስንዴን ይጠረጥር ስለነበር ጥናቱን ገፍቶበት በ1950 የማዕረግ ጽሑፉን አቀረበ። ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር የለም፤ የሴሊያክ መድኃኒት ግሉተንን ከምግብ ጨርሶ ማውጣት ነው፤ ዕድሜ ልክ።

ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ልጅ ላይ የሚገናኙት እንዲሁ በአጋጣሚ አይደለም። ሁለቱም የመከላከያ ኃይል ስህተት ናቸው፤ ለሁለቱም የሚያጋልጠው የዘር ውርስም በከፊል አንድ ነው። በዓለም ላይ ከ100 ሰዎች 1 ያህሉ ሴሊያክ አለበት ተብሎ ይገመታል። የልጆች ስኳር ካለባቸው መካከል ግን ቁጥሩ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ እንደ አገሩ ቢለያይም በአማካይ ከ20 ልጆች 1 አካባቢ ነው።

በእኛ ከተማ ለምን ይሰወራል?

ገዳሪፍ ላይ እነዚህን ሕመሞች መሳት ቀላል ነው። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሁሉም ልጅ ውኃ ውኃ ይላል፤ ከዚያ መካከል የስኳር ጥም የያዘውን ማን ይለየዋል? በዝናብ ጊዜ ትኩሳትና ማስመለስ ሲመጣ ሁላችንም በመጀመሪያ የምናስበው ወባን ነው። ሆዱ የተነፋና የከሳ ልጅ ሲታይ ወስፋት ነው እንላለን፤ ወይም ካላ አዛር እንፈራለን። ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የገዳሪፍ ክፍለ ሀገር በሱዳን ካላ አዛር በብዛት ከሚገኝባቸው ቦታዎች ዋነኛው ነው፤ የመተማና የሑመራ ቆላም እንዲሁ። ወባውም ካላ አዛሩም መመርመር አለባቸው። ምርመራው ነፃ ሲያሳይ ወይም ሕክምናው ልጁን ሳያሽለው ሲቀር ግን ነገሩ እዚያ ላይ መቆም የለበትም።

ስለዚህ ወላጆች ሦስት ነገር እንዲያስተውሉ እንለምናለን። አንደኛ፣ አልጋ ላይ መሽናት ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና ከጀመረ፣ ወይም ሌሊት እየተነሣ ደጋግሞ ከጠጣና ከሸና፣ ሙቀት ነው ብለው አይለፉት። በጣት ጫፍ ደም የሚሠራው የስኳር ምርመራ የሚፈጀው ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው። ሁለተኛ፣ የሚያስመልስና በኃይል የሚተነፍስ ልጅ ለወባ ሲመረመር «ስኳሩንም እዩልን» ይበሉ። ሦስተኛ፣ የልጁን ቁመት በየጥቂት ወሩ በበር መቃን ላይ ምልክት ያድርጉ። ዓመት ሙሉ ያልተነቃነቀ ምልክት ለሐኪም የሚነገር ነው።

ስኳር እንዳለበት የታወቀ ልጅ ደግሞ ምልክት ባይኖረውም ለሴሊያክ እንዲመረመር ይመከራል፤ ስኳሩ በታወቀ ጊዜ፣ ከዚያም በ2 ዓመትና በ5 ዓመት ውስጥ እንደገና። ምርመራው የሚጀምረው በደም ነው፤ ከዚያ እንደ አስፈላጊነቱ ከአንጀት ትንሽ ናሙና ይወሰዳል። በሁሉም ጤና ጣቢያ የሚገኝ ምርመራ ባለመሆኑ ወላጅ ጠይቆ ሊከታተለው ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ከምርመራው በፊት ስንዴ ማቆም አይገባም። ልጁ ዳቦ ካቆመ ደሙ ንጹሕ መስሎ ይታያል፤ ሕመሙም ስም ሳያገኝ ይቀራል።

አንዱ ሌላውን ሲያውክ

ኢንሱሊን የሚለካው ልጁ ሊበላ ባሰበው መጠን ነው። ኢንሱሊኑን ተወግቶ እንጀራውን በላ እንበል። አንጀቱ በሴሊያክ ከተላጠ ምግቡ ሳይመጠጥ ያልፋል፤ ኢንሱሊኑ ግን ሥራውን ይሠራል። ስኳሩ ይወርዳል፤ ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይደነዝዛል። ቤተሰብ «በልቶ እኮ ነው!» እያለ ግራ ይጋባል። ያለ ምክንያት የሚመላለስ የስኳር መውረድና የቁመት መቆም አብረው ከታዩ ከበስተኋላቸው ሴሊያክ ሊኖር ይችላል።

ግሉተን ከቆመ በኋላ ደግሞ አንጀቱ ቀስ በቀስ ይድናል፤ ምግቡም በሙሉ መግባት ይጀምራል። ያን ጊዜ ልጁ ይወፍራል፣ ይረዝማል፣ የሚያስፈልገው ኢንሱሊንም ይጨምራል። ይህን ያልተነገራቸው ወላጆች «አመጋገቡን ካስተካከልን ወዲህ ስኳሩ ባሰበት» ብለው ወደ ዳቦው ሊመለሱ ይችላሉ። ስኳሩ ከፍ ያለው ምግቡ መመጠጥ ስለጀመረ ነው፤ የዳኑበት ምልክት ነው። የሚያስፈልገው የኢንሱሊኑን መጠን ከሐኪም ጋር ማስተካከል ብቻ ነው።

እህላችን ከልጁ ጋር ነው

በአውሮፓና በአሜሪካ ግሉተን የሌለበት ዱቄት በልዩ ሱቅ በውድ ዋጋ ይሸጣል። እኛ ግን የምንኖረው የማሽላ አገር ላይ ነው። የገዳሪፍ ሳይሎ በሩቅ የሚታየው ማሽላ ሊጠራቀምበት ተሠርቶ ነው። ማሽላ ግሉተን የለውም። ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ሩዝና ሰሊጥም የላቸውም። ጤፍም የለውም፤ በኔዘርላንድስ የሚገኙ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ጤፍ መርምረው ለሴሊያክ ሕሙማን እንደሚስማማ በ2005 በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈዋል። የጤፍ እንጀራ፣ የማሽላ እንጀራና ክስራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ፉል፣ እንቁላል፣ ሥጋና አትክልት ለዚህ ልጅ ሙሉ ማዕድ ናቸው።

ችግሩ ያለው በቅይጡ ነው። ጤፍ ሲወደድ እንጀራው ላይ ፊኖ ዱቄት ይጨመራል፤ አንዳንዴ ገብስም ይገባል። ክስራም ላይ ቢሆን ፊኖ የሚጨምሩ አሉ። እርሾው ከቅይጥ ሊጥ የተተረፈ ከሆነ ግሉተኑ አብሮ ይሻገራል። ወፍጮ ቤት ስንዴ ከተፈጨበት ወፍጮ ላይ ወዲያው የተፈጨ ማሽላ ከስንዴው ይቀላቀላል፤ ሽሮም እንዲሁ። ስለዚህ የዚህ ልጅ እናት እህሏን በቤቷ አጥባና ለቅማ፣ ወፍጮው ስንዴ ሳይነካ በጠዋቱ ማስፈጨት ይሻላታል። የራሱ እርሾ በራሱ ዕቃ ይቀመጥ። በምጣዱም የእሱ እንጀራ ቀድሞ ይጋገር።

ከአገር ምግብ ውስጥ በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ የገብስ ገንፎ፣ ቂንጬ፣ አምባሻ፣ ዳቦ ቆሎና የስንዴ ጨጨብሳ ለእሱ አይሆኑም። ፋፋ ውስጥም ብዙ ጊዜ ስንዴ አለ። ከሱዳን ምግብ ዘላቢያ፣ ማካሮኒ፣ ብስኩትና ሳንቡሳ የስንዴ ናቸው፤ ጣዕሚያም ውስጥ አንዳንዴ የዳቦ ፍርፋሪ ይገባል። አሲዳ ከማሽላ ወይም ከዱኽን ሲሆን ደህና ነው፤ ከስንዴ የሚሠራም ስላለ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቃሉም ራሱ ያሳስታል፦ የሱዳን ሰው «ዐይሽ» ሲል አንዳንዴ ማሽላ፣ አንዳንዴ ዳቦ ማለቱ ነው። ልጁ «ዐይሽ እበላለሁ» ብሎ ጎረቤት ቤት ማሽላ ሲጠብቅ ዳቦ ሊቀርብለት ይችላል። ስለዚህ በዐረብኛ «ገምሕ» ማለት ስንዴ፣ «ዱራ» ማለት ማሽላ መሆኑን ይማር፤ «ገምሕ አልበላም» ማለትንም ይልመድ።

ስንዴ ባሕል ሲሆን ምን እንደሚያስከትል ከሰሐራዊ ሕዝብ እንማራለን። ከምዕራብ ሰሐራ ተፈናቅለው በአልጄሪያ በረሃ ካምፖች ውስጥ በሚኖሩ ልጆች ላይ በ1999 የታተመ ጥናት፣ ከ100 ልጆች ከ5 በላይ የሚሆኑት ሴሊያክ እንዳለባቸው አሳይቷል፤ በዓለም ከታወቁት ከፍተኛ ቁጥሮች አንዱ ነው። ለዚህ የዘር ውርሳቸው ድርሻ አለው፤ ዋና ምግባቸው ስንዴ መሆኑም እንዲሁ። በእኛም አካባቢ ኡም ራኩባና ቱናይድባን የመሳሰሉ ካምፖች አሉ። በርዳታ የሚታደለው ማሽላ ሲሆን ለእንዲህ ያለ ልጅ መልካም ነው፤ በስንዴ ዱቄት የተለወጠ ዕለት ግን ቤተሰቡ ለአዳዮቹ መንገር አለበት።

አንድ ነገር ግን አይዘንጋ፦ ግሉተን የለውም ማለት ስኳር አይጨምርም ማለት አይደለም። ጤፍም ማሽላም ሩዝም ደም ውስጥ ስኳር ይሆናሉ። ልጁ እንጀራውን ቆጥሮ፣ ሁልጊዜ በአንድ መጠን ይብላ፤ ኢንሱሊኑም በዚያ ይለካ። የጋራ ትሪ ላይ መብላት ሒሳቡን ያጠፋዋል፤ ቅይጥ እንጀራም ይነካካበታል። ጉርሻ የፍቅር ነው፤ ነገር ግን ይህን ልጅ ማጉረስ የፈለገ ከልጁ ከራሱ ሳህን ያጉርሰው።

ኢንሱሊንና የገዳሪፍ ሙቀት

ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ፣ ማለትም በማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። የተከፈተው ብልቃጥ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በማያልፍ ጥላ ሥር አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። እዚህ አገር መብራት ይጠፋል፤ ከኤፕሪል 2023 ጦርነት ወዲህማ ችግሩ ተባብሷል። የካርቱም ዋና የመድኃኒት መጋዘኖች ከአገልግሎት ወጡ፤ ከካርቱም፣ በኋላም ከወድ መደኒና ከሲንጃ የተፈናቀለ ብዙ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ መጣ። የመተማና የገላባት መንገድም ሲከፈት ሲዘጋ ቆይቷል። ኢንሱሊን የሚወስድ ልጅ ያለው ቤተሰብ ያላለቀ ብልቃጥ እያለ የሚቀጥለውን መፈለግ አለበት።

ለሙቀቱ መፍትሔው ግን በየደጃፋችን ነው። በየመንገዱ ለመንገደኛ የሚቀመጠው ዚር ውኃን የሚያቀዘቅዘው ውኃው በሸክላው በኩል እየወጣ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። በ2016 የታተመ ጥናት በተለያዩ አገሮች የሚሠሩ የሸክላ ዕቃዎችን ፈትሾ ለኢንሱሊን ማቆያ እንደሚረዱ አሳይቷል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ በመካከላቸው አሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው ጠዋትና ማታ ይረጥባል። ኢንሱሊኑ ውኃ በማይገባበት ዕቃ ተደርጎ በውስጠኛው ማሰሮ ይቀመጣል፤ ላዩ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ቦታው ጥላና ነፋስ ያለበት ይሁን።

በኬንያ በዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ የተለካውን ሙቀት መሠረት አድርጎ በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት፣ በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል ሲመላለስ አራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንዳላጣ አረጋግጧል። ስለዚህ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ ተስፋ አይቁረጥ። ከዚያ በላይ ከሚሆነው ሙቀት ግን ይጠብቀው፦ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መኪና ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ አያኑረው። በረዶ ውስጥም አይክተተው፤ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ተበላሽቷል። ጥርት ያለው ዓይነት ከደፈረሰ፣ ድፍርስ የሆነው ዓይነትም ከተቋጠረ ይጣል።

በትምህርት ቤት ውስጥ

በየክፍሉ ልናውቀው የሚገባው ዋና ነገር የስኳር መውረድ ነው። በዕውቀት ሲፎክር የነበረ ተማሪ በድንገት ቢነጫነጭ፣ ቢያልበው፣ ቢንቀጠቀጥ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ቢፈዝ፣ ጠረጴዛው ላይ ቢተኛ፣ ስንፍና ወይም ጥጋብ ነው አንበል። መለኪያ ካለ ይለካ፤ ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ ሳንጠብቅ፣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠን እንስጠው፤ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ፣ ስኳር ያለበትን። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገም። ሲነቃ የራሱን ምግብ ይብላ። ብቻውን ወደ ቤት ወይም ወደ ሽንት ቤት አይላክ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይፍሰስ፤ በጎኑ አስተኝተን ወደ ሐኪም ቤት እንሩጥ።

ሴሊያክም ያለበት ልጅ ሲሆን ብስኩት ለስኳር መውረድ አይመረጥም፤ የስንዴ ነው፤ ስኳርን ለማንሣትም ይዘገያል። መምህሩ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጠው የስኳር ከረጢት ይሁን። ሌላ ምንም ነገር ከጠፋ ግን ብስኩቱ ይሰጠው፤ የወረደ ስኳር ሊገድል ይችላል፤ አንድ ብስኩት ግን ሆድ ያሳምመዋል እንጂ አይገድለውም።

ይህ ልጅ በፈተና መካከል ሽንት ቤት መውጣት፣ ውኃ ጠርሙስ መያዝ፣ ሰዓቱ ሲደርስ መብላትና መርፌውን በንጹሕ ቦታ መወጋት ይፈቀድለት። ስፖርትም አይከልከል፤ ከመሮጡ በፊት ስኳሩን ይለካ፣ ትንሽም ነገር ይብላ። በፉጡር ሰዓት ሌላው ሁሉ ፉሉን በዳቦ ሲበላ እሱ ፉሉን በክስራ ቢበላ ያው ፉል ነው። የክፍል ድግስ ሲኖር ኬክ ብቻ አናቅርብ፤ ፈንዲሻና ለውዝ ለሁሉም ይሆናሉ።

ስለ ጾምና ስለ ጠበል

በመካከላችን የሚጾሙ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም አሉ፤ ልጆች ደግሞ ከታላላቆቻቸው እኩል መጾም ይወዳሉ። ኢንሱሊን ለሚወጋ ልጅ ሳይበሉ መዋል አደገኛ ነው። ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው የሚያደርጉት አስተያየት አለ፤ ወላጆች ከንስሐ አባታቸው ወይም ከሼኻቸው፣ ከሐኪምም ጋር ይመካከሩ። ልጁ ከምግቡ ዓይነት መጾም ቢፈልግ ሽሮና ምስር ከእሱ ጋር ናቸው።

ጠበል የሚያስጠምቁ፣ ዱዓ የሚያስደርጉ፣ ሽፈራው ወይም ጥቁር አዝሙድ የሚሰጡ ወላጆችም አሉ። ለጸሎቱ ክብር አለን። ነገር ግን ወደ ጠበል የሚሄድ ልጅ ኢንሱሊኑን ይዞ ይሂድ። ቆሽቱ ኢንሱሊን ያቆመበት ልጅ መርፌውን ካቋረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወቱ ያልፋል፤ በሕመም ምክንያት መብላት ባቃተው ቀን እንኳ ኢንሱሊን ጨርሶ አይቆምም፤ መጠኑ በሐኪም ይስተካከላል።

ማደግ ማለት

ሕፃን ሲሆን መርፌውን የምትወጋው እናቱ ናት። በአሥር ዓመቱ አካባቢ እሷ እያየችው ራሱ መወጋት ይለምዳል። በጉርምስና ዕድሜ ግን ብዙ ልጆች ይደክማቸዋል። ከጓደኛ መለየት ያሳፍራቸዋል፤ ሳንቡሳውን በድብቅ ይበላሉ፣ መርፌውን ይዘልላሉ፣ በመዝገቡ ላይ ያልለኩትን ቁጥር ይጽፋሉ። በዚህ ጊዜ ቁጣ ነገሩን ወደ ጓዳ ይገፋዋል እንጂ አያስተካክለውም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባል እውነት ነው፤ ሆኖም ልጁ እንዳይደብቅ ከተፈለገ ሲናገር የማይቆጣው ሰው ያስፈልገዋል። ሴት ልጅ ያላቸው ወላጆች «ማን ያገባታል» ብለው ሕመሟን ሲሸሽጉ፣ ልጅቷ በክፍል ውስጥ ራሷን ስታ ብትወድቅ ምን እንደሚያስፈልጋት የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ስለዚህ ከሁላችንም አንድ አንድ ነገር እንጠይቅ። ወላጆች ልጃቸው ስኳር ወይም ሴሊያክ ካለበት በትምህርት መክፈቻ ሳምንት ለክፍል ኃላፊው ይንገሩ፤ የሚደወልበትን ስልክና የሚሰጠውን ነገር በአንድ ወረቀት ጽፈው ይስጡ። መምህራን ወረቀቱን አንብበው ስኳሩን መሳቢያቸው ውስጥ ያኑሩ። ተማሪዎች ደግሞ ጓደኛችሁ «አልበላም» ሲል አንድ ጊዜ ሲናገር እመኑት፤ ሁለተኛ አትለምኑት፤ ከእሱ ሳህን የሚበላ ነገር ካለ ግን አብራችሁት ብሉ። የማሽላውን እንጀራ ብትቀምሱት እናንተም ትወዱታላችሁ።